የምርምር ጽሑፍና አንባቢው፤ የሳይንስ መጽሔት ታሪክ ከኦልደንበርግ ዘመን እስከ ክፍት ተደራሽነት

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በኤውሮፓ የነበሩ የተፈጥሮ ተመራማሪዎች አዲስ ነገር ባገኙ ጊዜ ለሌላው ከመግለጽ ይልቅ መሰወር ይቀናቸው ነበር። ጋሊሌዮ ጋሊሌይ በ1610 በቴሌስኮፑ አማካይነት በሳተርን ላይ ያየውን እንግዳ ቅርጽ ለዮሐንስ ኬፕለር እንዲደርስ ያደረገው የዐረፍተ ነገሩን ፊደላት አዘበራርቆ በጻፈው መልእክት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኬፕለርም ፊደላቱን ለማስተካከል ብዙ ደክሞ የደረሰበት ፍቺ ስለ ሳተርን ሳይሆን ስለ ማርስ የሚናገር ሆነ። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክም ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በስሙ የሚማሩትን የሞላ መለጠጥ ሕግ በ1676 ያሳተመው በዚሁ ዓይነት ዘዴ ሰውሮ ሲሆን፣ ትርጉሙን የገለጸው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት ወርቁ በሰም ከተሸፈነ ቅኔ ጋር ይመሳሰላል። ይሁን እንጂ ባለቅኔ የሚቀኘው እንዲፈታለት ሲሆን፣ እነዚህ ሊቃውንት የሚጽፉት ግን እነርሱ እስከ ፈቀዱበት ቀን ድረስ እንዳይፈታባቸው ነበር። ዓላማቸው ግኝቱ በሌላ ሰው ቢነገር «ቀድሞ ያወቀው እኔ ነኝ» ለማለት ማስረጃ ማስቀመጥ ነበር።

ይህ ልማድ እየተለወጠ የሄደው ስለ ቀዳሚነት የሚነሣውን ክርክር የሚፈታ ሌላ መንገድ ሲገኝ ነው። በፓሪስ ዴኒ ደ ሳሎ የተባለ የሕግ ሰው የመጻሕፍትንና የሊቃውንትን ወሬ የሚያቀርብ መጽሔት በጥር ወር 1665 ጀመረ። ከሁለት ወር በኋላ በመጋቢት በለንደን «ፊሎሶፊካል ትራንዛክሽንስ» ወጣ። የዚህኛው አዘጋጅ ሄንሪ ኦልደንበርግ በጀርመን አገር በብሬመን ከተማ የተወለደ፣ ብዙ ቋንቋዎች የሚያውቅና በ1660 የተመሠረተው የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ጸሐፊ የነበረ ሰው ነው። ከየአገሩ ሊቃውንት ጋር ሲጻጻፍ ይውል ስለነበረ፣ ከሚደርሱት ደብዳቤዎች መካከል ለብዙ ሰው ይጠቅማል ያለውን አሳጥሮና ተርጉሞ ያትም ጀመር። ደብዳቤው የደረሰበት ቀን ይመዘገባል። ከዚያ ወዲያ ግኝቱን ደብቆ መያዝ ቀዳሚነትን ማስነጠቅ እንጂ ማስጠበቅ አይሆንም። ግኝቱን በይፋ የገለጸ ሰው ባለቤት የሚባልበት ሥርዓት ቀስ በቀስ የተተከለው በዚህ መንገድ ነው።

የኦልደንበርግ ሥራ አደጋ አልተለየውም። እንግሊዝ ከሆላንድ ጋር ትዋጋ በነበረበት ጊዜ ከውጭ አገር ሰዎች ጋር የሚያደርገው የደብዳቤ ልውውጥ አስጠርጥሮት በ1667 ለጥቂት ጊዜ በለንደን ግንብ ታስሯል። ከተፈታም በኋላ ሥራውን አልተወም። አይዛክ ኒውተን ስለ ብርሃንና ስለ ቀለማት የጻፈውን በ1672 አተመ። ከሚቀጥለው ዓመት አንሥቶ ደግሞ ከደልፍት ከተማ የሚላክለትን የአንቶኒ ቫን ሊዌንሁክን ደብዳቤ ማተም ጀመረ። ሊዌንሁክ የጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ ከሆላንድኛ በቀር ላቲንም ሆነ እንግሊዝኛ አያውቅም። ሆኖም በገዛ እጁ ባበጃቸው የማጉያ መስታወቶች በውኃ ውስጥ የሚንቀሳቀሱትን ረቂቅ ነፍሳት አይቶ ለዓለም አስታወቀ። ጽሑፉ በሚነገርበት ቋንቋ ተጽፎ መላኩ ለመታተም እንቅፋት አልሆነበትም፤ የመተርጐሙን ድካም የተሸከመው አዘጋጁ ነበር። ዛሬ የአንድ የገጠር መምህር ጽሑፍ በዚህ አኳኋን የሚስተናገድበት ታላቅ መጽሔት መኖሩ ያጠራጥራል።

መጽሔቱ መጀመሪያ የኦልደንበርግ የግል ሥራ ነበር፤ ትርፍ አገኝበታለሁ ብሎ ቢያስብም ያሰበውን ያህል አልሆነለትም። በ1752 ሮያል ሶሳይቲ ኃላፊነቱንና ወጪውን ተረከበ። ከዚያም በኋላ ለረዥም ዘመን መጽሔቱ የገንዘብ ምንጭ ሳይሆን ማኅበሩ ከኪሱ እየደጐመ ለአባላቱ የሚያድልና ከሌሎች አገሮች አካዳሚዎች ጋር የሚለዋወጠው ነበር። ደራሲው ለጽሑፉ ዋጋ አይጠይቅም፤ የሚፈልገው መነበብንና መታወቅን ነው። ይህ ልማድ ሳይለወጥ እስከ ዛሬ ቆይቷል። ሐኪሙም ሆነ የፊዚክስ ሊቁ ለሚያሳትመው የምርምር ጽሑፍ ከአሳታሚው ሣንቲም አይቀበልም። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተፈጠረውን ችግር ለመረዳት ይህን ነጥብ ማስታወስ ያስፈልጋል።

መምህራንን በቀጥታ የሚመለከት አንድ ሌላ ታሪክም አለ። በኅዳር ወር 1869 ኖርማን ሎኪየር የተባለ የሥነ ፈለክ ሰው «ኔቸር» የተባለውን ሳምንታዊ መጽሔት ሲመሠርት፣ ከዓላማዎቹ ፊተኛው የሳይንስን ታላላቅ ውጤቶች ለጠቅላላው ሕዝብ ማቅረብና ሳይንስ በትምህርትና በዕለት ተዕለት ኑሮ ተገቢውን ስፍራ እንዲያገኝ መከራከር ነበር። ሊቃውንት እርስ በርሳቸው ወሬ የሚለዋወጡበት መሆኑ ሁለተኛው ዓላማ ነው። ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ግን ሁለተኛው ዓላማ ፊተኛውን ዋጠው። መጽሔቱ ሊቃውንት ለሊቃውንት የሚጽፉበት ሆነ፤ ተራው አንባቢ ራቀው። በእያንዳንዱ የዕውቀት ዘርፍ ያለው ቋንቋ እየረቀቀ ሲሄድ በተመራማሪውና በመምህሩ መካከል ያለው ርቀት አብሮ ሰፋ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መንግሥታት ለምርምር የሚመድቡት ገንዘብ እጅግ በዛ። የተመራማሪው ቁጥር ሲጨምር የጽሑፉም ብዛት የማኅበራቱን መጽሔቶች አጨናነቀ። በዚህ ጊዜ ዕድሉን ያየው ሮበርት ማክስዌል ነው። በ1923 በቼኮዝሎቫኪያ በድኅነት የተወለደው ይህ ሰው በ1951 አንድ ትንሽ የሳይንስ አሳታሚ ድርጅት ገዝቶ «ፐርጋሞን ፕሬስ» ብሎ ሰየመው። አዲስ የጥናት ዘርፍ ብቅ ባለ ቁጥር መጽሔት ያቋቁምለታል፤ ታዋቂ ሊቅ ፈልጎ አዘጋጅ ያደርገዋል። ማክስዌል የተረዳው ነገር ቀላል ነበር። ጤፍ ቢወደድ ሸማቹ በቆሎ ይገዛል፤ በአንድ መጽሔት የወጣ የምርምር ውጤት ግን በሌላ መጽሔት ስለማይገኝ ቤተ መጻሕፍቱ ዋጋው ስለ ተወደደበት ወደ ሌላው ሊዞር አይችልም። ፐርጋሞን በ1991 ለኤልሰቪየር ድርጅት ሲሸጥ 440 ሚሊዮን ፓውንድ አውጥቷል።

በዚሁ ላይ በ1964 አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ የትኛው ጽሑፍ በየትኛው ውስጥ እንደ ተጠቀሰ የሚያመለክት ማውጫ ማውጣት ጀመረ። ማውጫው በራሱ ጠቃሚ መሣሪያ ነው። ነገር ግን ከእርሱ የተቀዳው የመጽሔቶች ደረጃ መስጫ ቁጥር የመምህራንን ዕድገትና የምርምር ገንዘብ አሰጣጥን የሚወስን መለኪያ ሆነ። ስለዚህ ደራሲው ከጥቂት ስመ ጥር መጽሔቶች ውጭ ማሳተም ጉዳት ሆነበት፤ ቤተ መጻሕፍትም እነዚያኑ ከመግዛት ማምለጥ አልቻለም። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የመጽሔቶች የደንበኝነት ክፍያ ከሌላው ዕቃ የዋጋ ንረት ይበልጥ ይጨምር ገባ። በዓለም ላይ ባለጸጋ ከሚባሉት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የሆነው ሃርቫርድ እንኳ በ1912 ወይም በ1950 ሳይሆን በ2012 ለመጽሔቶች በዓመት ወደ 3.75 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያወጣና ይህን መሸከም እንደማይችል ለመምህራኑ አስታወቀ። አንዳንዱ መጽሔት ብቻውን በዓመት እስከ 40,000 ዶላር ያስከፍል ነበር። የሒሳቡ አስገራሚነት ይህ ነው፤ ሕዝብ በግብር ተመራማሪውን ይቀጥራል፤ ተመራማሪው ጽሑፉን በነጻ ይሰጣል፤ የሙያ ጓደኞቹ በነጻ ይገመግሙታል፤ በመጨረሻም ያው ሕዝብ በቤተ መጻሕፍቱ በኩል ያንኑ ጽሑፍ በውድ ዋጋ መልሶ ይገዛል።

ሃርቫርድ ያማረረበት ጉዳይ ለድኃ አገሮች ምን እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። በኢትዮጵያ ከ1950 የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መቋቋም በኋላ የምርምር መጽሔቶች መታየት የጀመሩት በ1960ዎቹ ነው። የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት በ1962፣ የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት በ1963፣ የትምህርት ጉዳዮችን የሚመረምረው መጽሔት በ1967፣ ሲነት የተባለው የሳይንስ መጽሔት ደግሞ በ1978 ተከታትለው ወጡ። እነዚህ ሁሉ በጥቂት ቅጂ የሚታተሙና ከአዲስ አበባ ውጭ እምብዛም የማይገኙ ነበሩ። የዶክተር አክሊሉ ለማ ታሪክ የዚህን ትርጉም ግልጽ ያደርገዋል። ዶክተር አክሊሉ በ1964 በዐድዋ ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ወረድ ብሎ ባለው ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። የበሽታው ጥገኛ ትል በቀንድ አውጣው ውስጥ ካላደገ ወደ ሰው መተላለፍ አይችልም። እናቶች ለዘመናት ልብስ ያነጡበት ፍሬ በሽታውን ለመከላከል የሚያገለግል መሆኑን የሚያመለክተው የመጀመሪያ ዘገባ የታተመው በ1965 በዚያው በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ነው። ግኝቱ በዓለም ፊት ተቀባይነት እስኪያገኝ ግን ብዙ ዓመታት ፈጀ። ዶክተር አክሊሉ ራሳቸው ደጋግመው እንደ ገለጹት፣ በአፍሪካ ውስጥ የተደረገ ምርምር በአፍሪካ ውስጥ ስለ ተደረገ ብቻ እምነት ይነፈገው ነበር። እርሳቸውና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የተቀበሉት በ1989፣ ማለትም ከመጀመሪያው ዘገባ 24 ዓመት በኋላ ነው።

እንግዲህ አጥሩ ሁለት ወገን ነበረው ማለት ነው። በውጭ የሚታተመው ወደ ውስጥ አይገባም፤ በውስጥ የሚታተመውም በውጭ አይነበብም።

ይህን አጥር መጀመሪያ የሰነጠቁት የፊዚክስ ሊቃውንት ናቸው። እነርሱ ጽሑፋቸው በመጽሔት እስኪወጣ ወራት ስለሚፈጅ፣ ያልታተመውን ረቂቅ እያባዙ በፖስታ ለሚያውቋቸው መላክ ከቆየ ልማዳቸው ነበር። ረቂቁ የሚደርሰው ግን በታላላቅ ተቋማት ላሉት ብቻ ነው። በነሐሴ 1991 ፖል ጊንስፓርግ በአሜሪካ በሎስ አላሞስ የምርምር ማዕከል አንድ ኮምፒዩተር አዘጋጅቶ፣ ማንም ተመራማሪ ረቂቁን እንዲያስቀምጥበትና ማንም እንዲወስድበት አደረገ። በኋላ «አርካይቭ» የተባለው ይህ የረቂቆች ማኅደር በ2001 ወደ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። በ2002 ሩሲያዊው ግሪጎሪ ፔሬልማን አንድ መቶ ዓመት ገደማ ያልተፈታውን የፖንካሬን የሒሳብ ጥያቄ የፈታበትን ጽሑፍ በዚህ ማኅደር አስቀመጠ፤ ወደ ማንኛውም መጽሔት ግን አልላከውም። የሙያው ሊቃውንት ለዓመታት መርምረው ትክክለኛነቱን አረጋገጡ። በ2006 ከፍተኛው የሒሳብ ሽልማት ሲሰጠው አልቀበልም አለ። ከዚህ የሚታየው ማረጋገጥ የሚባለው ሥራ በመጽሔቱ ሽፋን ላይ ሳይሆን በአንባቢዎቹ ትጋት ላይ የተመሠረተ መሆኑን ነው።

ሁለተኛው ታላቅ እርምጃ የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው፤ ምንም እንኳ በኤውሮፓና በአሜሪካ የሚጻፉ ታሪኮች ብዙ ጊዜ በጥቂት መስመር ቢያልፉት። በ1997 በብራዚል የሳኦ ፓውሎ ክፍለ ሀገር የምርምር ድጋፍ ድርጅት ከጤና መረጃ ማዕከል ጋር በመተባበር «ሳይኤሎ» የተባለውን ሥራ በሙከራ ጀመረ፤ በሚቀጥለው ዓመትም በይፋ ከፈተ። ሐሳቡ የብራዚል መጽሔቶች በውጭ አገር ማውጫዎች ስለማይመዘገቡ የማይታዩ ከሆነ፣ አገሪቱ የራሷን ማውጫና ማሠራጫ ታቋቁም የሚል ነበር። መጽሔቶቹ በጥራት መመዘኛ እየተመረጡ ገቡ፤ ሙሉ ጽሑፋቸው ለማንም በነጻ ቀረበ፤ ወጪው ከሕዝብ ገንዘብ ተሸፈነ፤ ደራሲዎቹም በፖርቱጋልኛ፣ በስፓኝኛ ወይም በእንግሊዝኛ ይጽፉ ነበር። ቺሌ ወዲያው ተከተለች፤ ሌሎች የላቲን አሜሪካ አገሮችም ቀጠሉ፤ ከ2009 ጀምሮ ደቡብ አፍሪካ ገባችበት። ለፕላን ባለሙያዎች ይህ ምሳሌ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ሊጠና የሚገባው ነው፤ አንባቢም ደራሲም ሳይከፍል ሥራው ለ20 ዓመት ከዚያም በላይ እንደሚዘልቅ በተግባር አሳይቷልና።

ለጉዳዩ ስም የወጣለት ከዚህ በኋላ ነው። በታኅሣሥ 2001 በቡዳፔስት የተሰበሰቡ ጥቂት ሰዎች በየካቲት 2002 ባወጡት መግለጫ «ክፍት ተደራሽነት» ማለት ማንም ሰው የምርምር ጽሑፍን ያለ ክፍያና ያለ ፈቃድ እንዲያነብ፣ እንዲያባዛና እንዲያሠራጭ መቻሉ መሆኑን አስታወቁ። በ2003 የቤተዝዳና የበርሊን መግለጫዎች ተከተሉ። የኖቤል ተሸላሚው ሐሮልድ ቫርመስና ባልደረቦቹም በዚያው ዓመት የራሳቸውን ክፍት መጽሔት ማሳተም ጀመሩ።

አሳታሚዎቹ በበኩላቸው ዝም አላሉም። በ2002 ከዓለም የጤና ድርጅት ጋር ተስማምተው «ሒናሪ» በተባለ ፕሮግራም የሕክምና መጽሔቶችን ለድኃ አገሮች ተቋማት በነጻ ወይም በአነስተኛ ዋጋ ከፈቱ፤ ኢትዮጵያም ተጠቃሚ ሆነች። ጥቅሙን መካድ አይገባም። ሆኖም በጥር 2011 በባንግላዴሽ የሚገኙ ተቋማት ከ2,500 የሚበልጡ መጽሔቶች በድንገት ተዘጉባቸው። አሳታሚዎቹ አገሪቱ መግዛት ጀምራለች ብለው ነበር ያቋረጡት። የዓለም ተመራማሪዎች ተቃውሞ በማሰማታቸው መጽሔቶቹ ተመልሰው ተከፈቱ። ሰጪው ሲፈቅድ ብቻ የሚገኝ ነገር ዕቅድ ሊጣልበት እንደማይችል የባንግላዴሽ ሐኪሞች ያን ጊዜ አዩ።

ከፍቶ የማሳተሙ ሥራ እየሰፋ ሲሄድ የክፍያው ሸክም ከአንባቢው ተነሥቶ ወደ ደራሲው ተዛወረ። አሳታሚው ጽሑፉን ለሁሉም ይከፍታል፤ ነገር ግን ደራሲው አስቀድሞ የማሳተሚያ ዋጋ ይከፍላል። በ2020 «ኔቸር» ለአንድ ጽሑፍ 9,500 ኤውሮ እንደሚያስከፍል አስታወቀ። ለሕዝብ ሊጻፍ የተነሣው የሎኪየር መጽሔት የደረሰበት ዋጋ ይህ ነው። ለድኃ አገር ተመራማሪዎች ቅናሽ ይደረጋል ቢባልም፣ የአንድ መምህር የብዙ ዓመት ደመወዝ የሚሆን ክፍያ በልመና የሚቀነስበት አሠራር ከፊተኛው አጥር ብዙም አይሻልም። ማንበብ ይችል የነበረው አሁን መጻፍ አቃተው።

ክፍያው ሌላም መዘዝ አስከተለ። ገንዘብ እስከ ተከፈላቸው ድረስ የመጣላቸውን ሁሉ የሚያትሙ አስመሳይ መጽሔቶች ፈሉ። በ2013 ጆን ቦሐነን የተባለ ጋዜጠኛ ሆን ብሎ በስሕተት የተሞላ የሐሰት ጽሑፍ አዘጋጅቶ ለ304 ክፍት መጽሔቶች ላከ፤ 157ቱ ተቀበሉት። የፈተናው አንድ ጕድለት በደንበኝነት ክፍያ ለሚተዳደሩት መጽሔቶች አለመላኩ ነው፤ ስለዚህ እነርሱ ይሻሉ እንደ ነበር ማስረጃ አይሆንም። በእነዚህ መጽሔቶች ወጥመድ ብዙ የሚያዙት በታትሞ መውጣት ብቻ የደረጃ ዕድገት በሚያገኙባቸው አገሮች ያሉ ወጣት መምህራን ናቸው። ስለዚህ ጥፋቱን በአታላዩ አሳታሚ ላይ ብቻ መጣል አይበቃም፤ የጽሑፍን ይዘት ሳያነብ ቁጥሩን የሚቈጥር የዕድገት መመሪያ ያወጣ ሁሉ ተካፋይ ነው።

በጥር 2020 ቻይናዊው ዣንግ ዮንግዠንና ባልደረቦቹ የአዲሱን ኮሮና ቫይረስ የዘር ቅንብር ለዓለም በነጻ ከፈቱ፤ የመመርመሪያና የክትባት ሥራ በዚሁ ላይ ተመሥርቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተጀመረ። በዚያ ዓመት አሳታሚዎችም ስለ በሽታው የወጡ ጽሑፎችን ከፈቱ። ባልተገመገሙ ረቂቆች ላይ ተመሥርተው የተሳሳቱ ወሬዎች መሠራጨታቸውም እውነት ነው። በሌላ በኩል የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም በገንዘቡ የተሠራ ጽሑፍ ከታተመ በ12 ወር ውስጥ እንዲከፈት ከ2008 ጀምሮ ያስገድድ የነበረውን ደንብ አጥብቆ፣ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ያለ ምንም መዘግየት እንዲከፈት አድርጓል።

በኢትዮጵያ የወቅቱ የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በ2019 በሕዝብ ገንዘብ የሚሠሩ የዩኒቨርሲቲ ምርምሮች ለሁሉም ክፍት እንዲሆኑ የሚያዝ ብሔራዊ መመሪያ አወጣ። መሥሪያ ቤቱ በ2021 ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር ተዋሕዷል። ጽሑፎቹ የሚቀመጡበት ብሔራዊ ማኅደርም ተዘጋጅቷል፤ የአገር ውስጥ መጽሔቶችም በኢንተርኔት መገኘት ጀምረዋል። የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት በ1965 ቢሆን ኖሮ ከጥቂት ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ የማያልፈው ዘገባ ዛሬ በወጣበት ቀን በሳኦ ፓውሎም በዐድዋም ሊነበብ ይችላል። በዐድዋ ያለው የባዮሎጂ መምህር ግን ኮምፒዩተርና የኤሌክትሪክ ኃይል ያስፈልገዋል፤ ከዚያም በላይ ጽሑፉ ከሞላ ጐደል ሁልጊዜ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። የብራዚሉ ማሠራጫ መጽሔቶቹን በአገሩ ቋንቋ ጭምር ሲያቀርብ፣ የለንደኑም አዘጋጅ በዘመኑ የሊቃውንት ቋንቋ በነበረው በላቲን ብቻ ከማተም ይልቅ አብዛኛውን በእንግሊዝኛ ያትም ነበር። በ2019ኙ መመሪያ የሚከፈቱት ጽሑፎች ቢያንስ አጭር መግለጫቸው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሌሎቹ የአገሪቱ ቋንቋዎች እንዲወጣ ማድረግ ከማተሚያ ወጪ ይልቅ የተርጓሚ ሰዓት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ያን ሰዓት በበጀት የሚመድበው ደግሞ የዕቅድ ክፍሉ ነው።